የአንዳርጌ ከተሞች

አንዳርጌ መሞቱን የነገረችኝ የእህቱ ልጅ ናት። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ እኔ መሆኔን አረጋገጠች፤ ከዚያ "ጋሼ ሰይድ፣ አጎቴ አረፈ" አለችኝ። ደሴ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ታሞ ብዙ አልተኛም፤ የተቀበረውም ሞጣ ከተማ ሳይሆን ከዚያ ወጣ ብሎ በእናቷ መንደር ነው። ለአርባው ስለ እሱ የሚናገር ሰው እየፈለጉ እንደሆነ ነገረችኝና፣ "የመንደሩ ሰው የሚያውቀው እዚህ ከመጣ በኋላ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት ምን ይሠራ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በፊት ከተማ ይሠራ ነበር ብላት ግራ ይገባት ነበር፤ እጽፍልሻለሁ አልኳት። ጉልበቴ እስከ ሞጣ መንገድ አይችልም። የማውቀውን እነሆ።

ቢቸና የተመደብኩት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ ነው። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ አንዳርጌ ታሪክ። በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፤ ትውልዱ ሞጣ አካባቢ ነው። ረጅምና ጎበጥ ያለ፣ ሲያስብ የጆሮውን ጫፍ የሚያሻሽ ሰው ነበር። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ "ንጉሡ ብዙ ሠራዊት አስከትለው ዘመቱ" ብሎ ሲያነብ አንዳርጌ ያስቆመዋል። ጆሮውን ያሻሽና "ማን አበላው?" ይላል። ተማሪዎቹም ስም አወጡለት፤ ከኋላው "ማን አበላው መጣ" ይባላል። ያውቃል፤ አይከፋውም።

ከአንዲት ባልቴት ቤት ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ተከራይተን እንኖር ነበር። በተዋወቅን ሰሞን ሰንጠረዥ እንድንጫወት ጠራኝ። ጨዋታው መሃል ላይ እጁን ከፈረሱ ላይ አነሳ። ሊሸነፍ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

"እዚህ ላይ ንጉሥ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ግንብ አለ። ጎተራ ግን የለም" አለኝ። "እነዚህ ሰዎች በልተው አያውቁም።"

ከዚያ ከአልጋው ሥር አንድ ጥቅል ብራና አውጥቶ ዘረጋ። ብራና ፋቂው ቀዳዳ ስላለበት ለመጽሐፍ አይሆንም ብሎ የጣለው ነው። አንዳርጌ ቀዳዳውን ሐይቅ አድርጎት፣ በዙሪያው ወንዞችና ተራሮች፣ ራሱ ስም ያወጣላቸው የጥንት ነገሥታት አገሮች ሥሎበታል። ከተሞቹ የጠርሙስ ቆርኪዎች ናቸው። መንደሮቹ ባቄላ፣ ወታደሮቹ ተለኩሶ ያለቀ የክብሪት እንጨት። አንድ ጊዜ አይጥ ገብታ የአንዱን ንጉሥ መንደሮች ሙልጭ አድርጋ በላችበት፤ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረንም።

የምንጫወተው እኔ፣ እሱና የጤና ጣቢያው ድሬሰር ኃይሉ ነበርን። ኃይሉ ሳቂታ፣ መሸነፍ የማይወድ ሰው ነው። ሕጉ መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር። ከተማ በየመከሩ ከዙሪያው መንደሮች እህል ይወስዳል፤ በእህሉ ወታደር ይመግባል፤ በወታደሩ ሌላ መንደር ይይዛል። ጥቂት እንደተጫወትን ችግሩ ታየ። በመጀመሪያው መከር የቀደመ ሰው መጨረሻም ላይ እሱ ነው የሚያሸንፈው። ኃይሉ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው እሱ ስለነበር ቅሬታ አልነበረውም። አንዳርጌ ግን ቆርኪዎቹን ሰብስቦ፣ ይሄ ጨዋታ ሳይሆን መዋጥ ነው አለ።

ቀጥሎ የማገዶን ሕግ አመጣ። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ዱሮ የጦር ሰፈር ማለት እንደነበር ይነግረናል፤ ንጉሡ ድንኳን የተከለበት ቦታ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ሲያልቅ፣ ገበሬውም የሚሰጠው ሲያጣ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ከተማው ይሄዳል። ስለዚህ በእሱ ብራና ላይም አንድ ቦታ የቆየ ቆርኪ መነሳት አለበት፤ የለቀቀው መሬት እስኪያገግም ማንም አይሰፍርበትም። ኃይሉ፣ ከተማዬን እየጫረ የሚሄድ ዶሮ አደረግህብኝ ብሎ አኮረፈ።

ያኔ አንዳርጌ ከተማ ሳይነሳ የሚኖርበትን መንገድ መፈለግ ጀመረ። ትምህርት ሲዘጋ በጭነት መኪና ወይም በእግሩ ሉማሜ፣ አምበር፣ አንዳንዴም ሮብ ገበያ ድረስ ይሄዳል። የሚገዛው ነገር የለም። በርበሬ የሚሸጡትን ሴቶች፣ አሞሌ ጨውና ሸማ የሚያመጡትን ነጋዴዎች ከየት እንደተነሱ፣ ለምን ሌላው ገበያ እንዳልሄዱ ይጠይቃል። ከሮብ ገበያ የተመለሰ ዕለት ደስ ብሎት ነበር። ይህ ቦታ ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ሳይሆን ከዕለት ነው፤ ሰው ገበያ ውሎ ቤቱ ማደር እስከቻለበት ድረስ ያለው አገር ሁሉ የዚያ ከተማ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የተከለ ከተማ ወታደር ሳይልክ እህል ያገኛል። መንደሮቹ ራሳቸው ያመጡለታል፤ እሱም ጨው ይሰጣቸዋል። ወታደር ከላከ ግን ገበያው ይበተናል።

የመጨረሻው የቂም ሕግ ነበር። ባቄላ ጥቁር ዓይን አለው። አንድ ከተማ ከአንድ መንደር በአንድ መከር ደጋግሞ ከወሰደ ባቄላው ይዞርና ዓይኑ ወደ ላይ ይሆናል፤ መንደሩ ተቀይሟል ማለት ነው። ጎን ለጎን ያሉ መንደሮች ሁሉ ከተቀየሙ መንገድ ይዘጋሉ፤ ከተማው ይራባል። ከተማው በበኩሉ ወታደር ልኮ መንገዱን ማስከፈት ይችላል፤ ወታደር የደረሰበት መንደር ከብራናው ላይ ይነሳል። በዚህ ሕግ ላይ ከአንዳርጌ ጋር ተከራክረናል። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና፣ መቼ እንደሚያምፁ በዕጣ ይወሰን፣ ጨዋታው ይጥማል አልኩት።

"ገበሬ በዕጣ አይቆጣም፣ ሰይድ" አለኝ። "ምክንያት አለው።"

ይህን ሲለኝ የውጪው ነገር እየከበደ ነበር። መሬት ሊለካ ነው፣ አዲስ ግብር ሊመጣ ነው ይባላል። ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ገበሬዎች ዛፍ ሥር ተሰብስበው ያወራሉ፤ ኮት የለበሰ ሰው ሲያልፍ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እኔም ኮት ነበረኝ። ከዚያ በፊት ሰላምታዬን አስረዝመው የሚመልሱልኝ ሰዎች ያን ሰሞን አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ብቻ ያሳልፉኝ ጀመር።

በዚያው ጊዜ አንድ ሹም ከአዲስ አበባ መጣ። ወጣት ነው፣ የተማረ፣ ሰው አክባሪ። ስለ ጨዋታው ከኃይሉ ሰምቶ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ፤ ሻይ አፈላንለት። ብራናውን በጣም ወደደው። ሕጎቹን ከእኛ ሁሉ ቶሎ ያዘ። ከሐይቁ ዳር ትልቅ ከተማ አቆመ፤ በየመከሩ ከሁሉም መንደር ወሰደ፤ ወታደሮቹ በዙ። ከዚያ ባቄላዎቹ አንድ በአንድ ዞሩ። አንዱን ሲያስነሳ ሌላው ይዞርበታል። መንገዱ ተዘጋ፤ ከተማው ሳይወጋ ወደቀ።

ሹሙ ቆርኪውን አንስቶ በጣቶቹ መሃል አገላበጠው። መንደር መንገድ ይዘጋል ብሎ የነገረዎት ማነው ብሎ ጠየቀ፤ አንዳርጌ ታሪኩ በዚህ የተሞላ ነው ብሎ መለሰለት። ሹሙ አልተቆጣም። የሚቀጥለው እሁድ ተመልሶ መጣና ሦስታችን ብቻ ሳለን አንዳርጌን እንዲህ አለው፦

"አቶ አንዳርጌ፣ ጨዋታው ግሩም ነው። ይቺን አንዲት ሕግ ብቻ ይተዋት። ባቄላው ዝም ብሎ ባቄላ ይሁን።"

አንዳርጌ ያስብበት ዘንድ ጊዜ ጠየቀ። ደፋር ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ያን ሳምንት ማታ ማታ ብራናውን እየዘረጋ መልሶ ይጠቀልለው ነበር። ሕጉን ቢተወው ምን ይጎዳል፣ የቆርኪ ጨዋታ አይደለም ወይ አልኩት። እሱም እንሞክረው አለኝ። የቂምን ሕግ ትተን እኔና እሱ ጀመርን። የእኔ ከተማ ቀደመ። ከዚያ ወሰደ፣ አሁንም ወሰደ፤ የእሱን ከተሞች በላ፤ መላው ብራና የእኔ ሆነ። ጨዋታው ግን አላለቀም። የሚያስቆመኝ ሕግ ስለሌለ መከር በመጣ ቁጥር እጄን እየዘረጋሁ ከባቄላዎቹ መውሰድ ብቻ ነው። አንዳርጌ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያየኛል።

"በቃ?" አልኩት።

"እኔ እንጃ። አንተ ነህ አሸናፊው፤ አንተ በቃኝ በል" አለኝ።

ሹሙ ለመልሱ ሲመጣ ሻይ የቀዳሁት እኔ ነኝ። አንዳርጌ ቆሞ ነው የተናገረው።

"መጫወት ይከልክሉን ጌታዬ፣ እንተዋለን። ብራናውንም ይውሰዱት። ሕጉን ግን ላጣምመው አልችልም፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።"

ሹሙ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ፤ አመሰገነን፤ ሄደ። ብራናውን አልወሰደም። ብዙም ሳይቆይ አንዳርጌ ወደ ሞጣ ተዛወረ። ወደ አገርህ ቀረብህ፣ ደስ ይበልህ ተባለ። ጥቅሉን ብብቱ ውስጥ ይዞ ጭነት መኪና ላይ ሲወጣ እኔና ኃይሉ ሸኘነው። ኃይሉ ሊያስቀው ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም።

ዓመቱ ሳይዞር የፈራነው መጣ። አንድ የገበያ ቀን ቢቸና ውስጥ ከገጠር የመጣ ሰው አልነበረም። የከተማው ሰው ዘንቢሉን ይዞ ወጥቶ እርስ በርሱ ሲተያይ ቆየ። አህያ የለም፣ እህል የለም፣ ማገዶ የለም። መንገዱ ወዲያም ወዲህም ተዘግቷል ተባለ። ሹሙ ቀደም ብሎ ሄዷል፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ኃይሉ ከጤና ጣቢያው መጥቶ አጠገቤ ቆመና ባዶውን ሜዳ አየ።

"ባቄላው ዞረ" አለኝ። አልሳቀም።

ከዚያ ወታደር መጣ፤ ከሩቅ ተኩስ ሰማን፤ አንዳንድ ቀን በተራራው ወገብ ላይ ጭስ ይታይ ነበር። ኃይሉ ቁስለኛ ሲያክም ይውላል።

መንገዱ ሲከፈት ሞጣ ሄድኩ። አንዳርጌ ከስቷል። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ታላቅ እህቱ እናኑ ከልጆቿ ጋር ተጠልላ ነበር። ባሏ ሞቷል፣ ቤቷ ተቃጥሏል። ማን እንዳቃጠለው ሲጠይቋት "ጭሱን እንጂ ሰውን አላየሁም" ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ከተማው ውስጥ ደግሞ መምህሩ ሁሉን ቀድሞ ያውቅ ነበር የሚል ወሬ ነበር። ሰዎች መንገድ ላይ አስቁመው በሹክሹክታ ቀጥሎ ምን ይሆናል ይሉታል። ከዚህ ወሬ የበለጠ የሚጠላው ነገር አልነበረም። አላውቅም ይላቸዋል፤ ደበቀን ብለው ይሄዳሉ።

የሞጣ መምህራን ብራናውን እንዲያወጣ ለመኑት፤ እኔም እንግዳቸው ነኝና አብሬ ለመንኩት። ከቀትር በኋላ ነበር። እናኑ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። አንዳርጌ አልተጫወተም፤ ዳኛ ሆነ። እንደ ሁልጊዜው መንደሮች ተቀየሙ፤ መንገድ ተዘጋ። አንዱ መምህር ወታደሮቹን ላከ። አንዳርጌም በሕጉ መሠረት ባቄላዎቹን ለቅሞ አጠገቡ ያለ ባዶ ጣሳ ውስጥ ጨመራቸው። ጣሳው ተንኳኳ። እናኑ እንዝርቷን አቆመች።

"አንዱዬ፣ የት ሄዱ?" አለችው።

"እነማን?"

"አሁን ያነሳሃቸው።"

"መንደሩ ጠፋ ማለት ነው፣ እታለም።"

"እሱስ ገብቶኛል። ሰዎቹን ነው የጠየቅሁህ።"

አንዳርጌ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደና መሃል ላይ ተወው። እናኑ መልስ የጠበቀች አይመስለኝም፤ ክሯን ቀጠለች። ጨዋታው እዚያው ላይ ቀረ። መምህራኑ ሲሄዱ ወደ ውጭ ወጣን፤ አጥር አጥሩን ሄድን። አንዳርጌ የአጥሩ ጥግ ላይ ቆመ።

"ከተማው ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አሳምሬ አውቃለሁ። ሕግ አለኝ። ለእነሱ ግን ጣሳ ነው ያዘጋጀሁላቸው።"

ጨዋታ ነው ልለው ፈለግሁ፤ አንድ ጊዜ ብዬው ስለነበር ተውኩት።

ያን ወቅት ሕግ ሲያወጣ ሲሰርዝ ከረመ። የተነሱት ባቄላዎች ወደ ከተማ ይግቡ አለ፤ ከተሞቹ በራብ ወደቁ። ጫካ ይግቡ አለ፤ ማገዶ የሚቆርጥ ጠፋ። ወደ ሌላው ንጉሥ ይሂዱ አለ፤ እዚያም ተቀያሚ ሆነው ተገኙ። ማንንም አሸናፊ የሚያደርግ ሕግ አላገኘም። ቢቸና ከተመለስኩ በኋላ በየጊዜው የሚጽፍልኝ ይህንኑ ነበር፤ አንዳንዴ ሒሳቡን እንድሠራለት ይጠይቀኛል። ሠርቼ እልክለታለሁ፤ አይረባም።

ክረምቱ ሲወጣ እናኑ ወደ መንደሯ እመለሳለሁ አለች። አንዳርጌ ለመናት። ልጆቹ እዚህ ይማሩ፣ ምን ቀርቶሻል ብሎ ተከራከራት። መሬቱ ቀርቷል አለችው። አልሆን ሲለው ቤት ሊሠራላት አብሯት ሄደ፤ ለጥቂት ቀን ብሎ ነው የሄደው። ሲመለስ እጁ በግድግዳ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከዚያ የመንደሩ ሰዎች ዛፍ ሥር ልጆች የሚያስተምር ሰው እንደሚፈልጉ ሰማ፤ የሞጣውን ቦታ ለቆ ሄደ። ጓደኞቹ አበደ አሉ። መንደሩ የሚከፍለው ደመወዝ ሲዘገይ እናኑ ታበላው ነበር።

እኔ ወደ ወሎ ልዛወር ስል ልሰናበተው መንደሩ ድረስ ወጣሁ። የተቃጠሉት መንደሮች ሰዎች ሜዳው ላይ አንድ ላይ ሰፍረዋል፤ አዳዲስ ጎጆዎች፣ ገና ያልደረቀ ጭቃ። ቦታው ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሰው የሚያልፍበት ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ገበያ መትከል ፈልገዋል። የት ይተከል፣ እንዴት ይሁን ብለው አንዳርጌን ከጠየቁት ቆይተዋል። እሱ ግን ዛሬ ነገ እያለ መልስ አልሰጣቸውም።

ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከቢቸና ጀምሮ የሚያስበው ነገር ይሄ አልነበረም ወይ?

"ገበያ ሲተከል ቀራጭ ይመጣል" አለኝ። "ቀራጩን የሚጠብቅ ዘበኛ ይመጣል። ለዘበኛው ቤት ይሠራል፣ ለሚያስረው ሰው ሌላ ቤት ይሠራል። ከዚያ ከተማ ሆነ ማለት ነው። እኔ በእጄ ልተክለው?"

"ካልተከሉስ?"

"ጨው ፍለጋ ሞጣ ድረስ ይመላለሳሉ። እናኑ እግሯን ያማታል።"

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሜዳው ላይ ጠሩት፤ እኔም ተከተልኩት። እናኑና ሌሎች ሴቶች ጥቂት ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ፣ በትራቸው ላይ ተደግፈው፣ "ልጄ፣ የምታውቀውን ንገረን፤ አለዚያም አላውቅም በለን፤ ሌላ ሰው እንጠይቃለን" አሉት።

አንዳርጌ ሜዳውን ዞሮ አየው። በስተምሥራቅ ገደል ነው፤ በስተምዕራብ ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ። ቦታውን እናንተ ምረጡ፣ ዕለቱንም እናንተ ምረጡ፤ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ አላቸው። ሽማግሌው ተስፋ ቆርጠው ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ ጨመረ፦

"መውጫው ግን ሁለት ይሁን። በገደሉም በኩል ለሰው የሚሆን መንገድ ይቆፈር፤ አስቸጋሪ ነው፣ ቢሆንም ይቆፈር።"

ሽማግሌው ገረማቸው። በገደል የሚመጣ ገበያተኛ የለም፣ ድንጋዩን መፈንቀል የስንት ሰው ጉልበት ይጨርሳል፣ ለማን ነው ብለው ጠየቁ። አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከሴቶቹ መካከል እናኑ ቀደመችው፤ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

"ያኔ መንደራችን ሲቃጠል መውጫው አንድ ነበር፣ አባቴ" አለች።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዱ፤ ወንዶቹም ከኋላቸው ተከተሉ፤ ከየት በኩል ቢጀመር እንደሚሻል እየተጠያየቁ ድንጋዩን ያዩ ጀመር።